በሩ ከውስጥ ሲታይ

መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ቤት ሳለች። ባለ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ መሀሉ ላይ በር፣ ግራና ቀኝ አንዳንድ መስኮት፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማ፣ ደጁ ላይ አንዲት አበባ። ጠመኔውን አስቀምጣ ስትዞር ሃምሳ ያህል ልጆች ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው ቤቱን እየገለበጡ ነበር። ሳሉ ያላቸው የለም።

«ቆይ፣ እርሳስ አስቀምጡ» አለች። «ከናንተ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ማነው?»

ክፍሉ ዝም አለ። ቆይቶ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ የኛ ቤት መስኮት የለውም» አለ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ደግሞ የእነሱ ቤት ጣሪያ እንደሌለው ተናገረች፤ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖሩ ከላያቸው ያለው የሌላ ሰው ወለል ነው። ሌላው ቀጠለ፣ ሌላዋም ቀጠለች። የአንዱ ቤት በር ሁለት ነው፤ የአንዷ ቤት በር ቀን ቀን መጋረጃ ብቻ ነው። መምህርቷ ዳስተሯን አንስታ የሳለችውን ቤት አጠፋችው።

«እሺ፣ ስሙኝ ልጆች። ቤት ስትሆኑ ሁልጊዜ የምትቀመጡባት ቦታ አለች አይደል? እዚያ ተቀምጣችሁ በሩን ስታዩት ምን ይታያችኋል? እሱን ሳሉልኝ። በሩን ከውስጥ።»

ይህ የሆነው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ አካባቢ፣ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ጭንቀት ነበር። ከሰሌዳው ላይ የሚገለበጠው ነገር ሲጠፋ ልጆቹ ግራ ተጋቡ፤ «ቲቸር፣ እንዴት ነው የሚሳለው?» የሚል ድምፅ ከየወንበሩ ተነሳ። መምህርቷ ለአንዳቸውም ስላ አላሳየችም። ወደ ጠየቃት ልጅ ትሄድና አጠገቡ ጎንበስ ብላ በጥያቄ ትመልስለታለች፤ በሩ ላይ ምን ተሰቅሏል? መጀመሪያ የሚታየው የማን ጫማ ነው? ሲመሽ ብርሃን የሚገባው በየት በኩል ነው? ቀስ በቀስ ጫጫታው በረደ፤ የእርሳስ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ከወጡት ሥዕሎች የማልረሳቸው አሉ። አንዷ ልጅ ከበሩ ይልቅ መቀርቀሪያውን ሳለች፤ የወረቀቱን ግማሽ ይዞታል። ለምን ብላ መምህርቷ ስትጠይቃት «አልደርስበትማ» አለች። አንድ ልጅ በሩ ስር የሚገባውን ብርሃን አንድ ቀጭን ቢጫ መስመር አድርጎ ሌላውን ሁሉ በእርሳስ አጠቆረው። ኮንዶሚኒየም የምትኖረዋ ልጅ የደረጃውን ብረትና የጎረቤትን ጀሪካኖች በረድፍ ደረደረች። የሸማኔ ልጅ የሆነው ደግሞ በሩን ከነጭራሹ አላሳየም፤ አባቱ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ስለሚሸምን የሚታየው ጀርባው ነው። የአባቱ እግር ግን በሥዕሉ ላይ አለ፤ ከመሬቱ መስመር በታች፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከነጣቶቹ።

ብዙ መምህር ይህን የመጨረሻውን ሥዕል ቢያይ «እግር በመሬት ውስጥ አይታይም፣ አስተካክል» ይል ነበር። የልጆችን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ያጠኑ ሰዎች ግን ሌላ ነገር ያያሉ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሄንሪ ሉኬ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ትንሽ ልጅ የሚስለው ዓይኑ የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው ብሎ አስረድቷል። ልጁ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ ይስለዋል። ቤት ሲስል ግድግዳውን አሳልፎ ውስጥ ያለውን አልጋ፣ እርጉዝ እናቱን ሲስል ሆዷ ውስጥ ያለውን ሕፃን የሚያሳየው ለዚህ ነው። ከኦስትሪያ ተሰድዶ አሜሪካ የገባው ቪክቶር ሎወንፌልድም እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው መጽሐፍ፣ ልጅ አንድን ነገር አግዝፎ የሚስለው ለእሱ ትልቅ ትርጉም ስላለው መሆኑን አብራርቷል። ሎወንፌልድ ይህን ከተረዳባቸው ቦታዎች አንዱ ቪየና ነው፤ እዚያ ለዓይነ ስውራን ልጆች የጭቃ ቅርጻ ቅርጽ ሲያስተምር ልጆቹ ከስሜታቸው ጋር የተያያዘውን የሰውነት ክፍል አተልቀው እንደሚሠሩ አስተውሏል። ያቺ ልጅ ግማሽ ወረቀት ሙሉ የሳለችው መቀርቀሪያ ስሕተት አይደለም። በዕድሜዋ የምትናገረው እውነት ነው።

ለእኛ ደግሞ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በአብያተ ክርስቲያናቶቻችን ግድግዳ ላይ ዋናው ቅዱስ ከአጃቢዎቹ ገዝፎ ይሳላል፤ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ በጎናቸው በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ሠዓሊው ያስቀደመው የነገሩን ትርጉም ነው፤ ርቀትና መጠን በዚያ ሥርዓት ከትርጉም በኋላ የሚመጡ ናቸው። የዚህን ሥዕል ውበት እያደነቅን የ9 ዓመት ልጅ ሰውን ከቤት አስበልጦ ሲስል መቆጣት አይስማማም። ልጁ ርቀትንና መጠንን ጊዜው ሲደርስ ይማረዋል፤ እንዲያውም 10 ዓመት ገደማ ሲሞላው ራሱ ሥዕሉን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማስተያየት ይጀምርና «አያምርም» እያለ ይቀደዋል። «እኔ ሥዕል አልችልም» የሚለው ቃል የሚጀምረው እዚህ ዕድሜ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሲገለብጥ ብቻ የቆየ ልጅ የሚደገፍበት የራሱ ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት ዓመታት ከባድ ዋጋ አላቸው።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። የፈጠራ ሥራ ተብሎ በተሰጠ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ሃምሳው ወረቀት አንድ ዓይነት ሆኖ ከተሰበሰበ፣ ልጆቹ የሠሩት ሥራ የለም፤ ሠሪዋ መምህርቷ ብቻ ናት። መገልበጥ የራሱ ቦታ አለው፤ እጅን ያለማምዳል፣ ፊደል ስንማርም ገልብጠናል። ግን ሥራውን የሠራው ልጁ ነው ለማለት ቢያንስ አንዱን ውሳኔ፣ ቀለሙን ወይም መጠኑን ወይም ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር፣ ልጁ ራሱ መወሰን አለበት።

ይህችው መምህርት በሌላ ሳምንት የሠራችው ሥራ ይህንን በደንብ ያሳያል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ቤተሰቦች ለትውልዶች ጋቢና ነጠላ የሸመኑበት፣ የባህል ልብስ ገበያው ከመንገዱ ዳርና ዳር የተዘረጋበት ቦታ ነው። በክፍሉ ውስጥ የሸማኔ ልጆች ብዙ ናቸው። እሷም የወረቀት ሽመና ልታሠራቸው ወሰነች። ዕቃው አሮጌ ጋዜጣ፣ ያለቀ ደብተርና ባለ ቀለም የማስታወቂያ ወረቀት ነው። መቀስ ለክፍሉ ሁሉ ስለማይበቃ ልጆቹ ወረቀቱን በማስመሪያ ጠርዝ ይዘው እየቀደዱ ቀጫጭን ቅዳጅ አወጡ። ሌላውን ወረቀት ሁለት አጥፈው ከእጥፋቱ በኩል እስከ ጫፉ ሁለት ጣት ሲቀር እየሰነጠቁ ድሩን አዘጋጁ። ከዚያ ቅዳጁን አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፉ ማጉን አስገቡ።

የመጀመሪያው ችግር ወዲያው መጣ። ብዙዎቹ ሁለተኛውንም ቅዳጅ ከላይ ጀመሩትና ማጉ ተንሸራተተ፤ አልያዘም። መምህርቷ መልሱን አልነገረቻቸውም። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አባት የሳለውን ልጅ «ና እስቲ አባቴ፣ አባትህ እንዴት ነው የሚያደርገው?» ብላ ጠራችው። ልጁ ወደ ፊት ወጥቶ በሁለት እጁ እያሳየ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው እንደሚወርድ፣ መወርወሪያው አልፎ ሲመለስ ደግሞ የተነሳው እንደሚወርድና የወረደው እንደሚነሳ አስረዳ። ልጆቹ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ የመጡት ጥያቄዎች የሒሳብ ነበሩ፤ ሁለቱን ዘለን አንዱን ብንይዝስ? በየሦስቱ ቀለም ብንቀይርስ? አንዲት ልጅ ከእናቷ ነጠላ ጥለት ላይ ያየችውን የአልማዝ ቅርጽ ለማውጣት ስንት ቅዳጅ እንደሚያስፈልጋት በጣቷ ትቆጥር ጀመር፤ ጎዶሎ ቁጥር ካልሆነ መሀሉ እንደማይገጥም ደረሰችበት።

እዚህ ላይ ከሒሳብም ከሥዕልም የሚበልጥ ነገር አለ። በአገራችን ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በየጓዳው ቢፈለጉም በየአደባባዩ የተናቁ፣ በክፉ ስም የተጠሩ ናቸው። የዚያ ንቀት ቅሪት ዛሬም በልጆች ስድብ ውስጥ ይሰማል። ያ ልጅ የአባቱን ሙያ ይዞ ሃምሳ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ አስተማሪ ሲሆን፣ ጓደኞቹም እሱ ያሳያቸውን ለመሥራት ሲጥሩ ማየት ለእኔ ከማንኛውም የሥነ ዜጋ ትምህርት ይልቃል። መምህርቷ ይህን አቅዳ እንዳደረገችው ነግራኛለች። «ስለ ሥራ ክቡርነት ብነግራቸው ይሸመድዱታል» አለችኝ። «ሲሠሩት ግን ከባድ መሆኑን ራሳቸው ያያሉ።»

ቀለም ሁልጊዜ እንቅፋት ነው። ባለ 12 ከለር እሽግ ለብዙ ወላጅ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ልጁ ይዞት ከመጣም በሳምንቱ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ክፍሉ ቀለሙን ከማጀት ያወጣል። ከሰል ተደቁሶ ጥቁር ይሆናል። ከእንጦጦ ቁልቁለት የተዛቀ ቀይ አፈር ተነፍቶ ቡናማ ቀይ ይሰጣል። እርድ ቢጫ፣ ቀይ ሥር ሐምራዊ፣ የጎመን ቅጠል ወረቀት ላይ ሲታሽ አረንጓዴ ነው። ከተጣለው የቡና ዝቃጭ ደግሞ ደብዛዛ ቡናማ ይገኛል። ሁሉንም የሚያጣብቀው መምህርቷ እቤቷ አፍልታ የምታመጣው የስንዴ ዱቄት ሙጫ ነው፤ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ካላለቀ ይሸታል፤ ስለዚህ የምታፈላው ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ ነው።

ከዚህ ሥራ ውስጥ ልጆቹን ያስጮኻቸው አጋጣሚ እጅ መታጠብ ነበር። እርድ የነካው እጅ ሳሙና ሲያገኘው ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ። ወጥ የነካው ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚሆነውን ያየ ትልቅ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለልጆቹ ግን ተአምር ነበር። ሳሙናውን ወረቀት ላይ ለመቀባት ተሻሙ። መምህርቷም ሎሚ አመጣችና ጨመረችበት፤ ቢጫው ተመለሰ። ኬሚስትሪ የሚባለውን ነገር ስሙን ሳይሰሙ አሲድና ቤዝ ምን እንደሚያደርጉ በሥዕላቸው ላይ አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ቢጫ አላቸው፤ የሳሙና ቢጫና የሎሚ ቢጫ ይሏቸዋል።

ሌላው ትምህርት ቀስ ብሎ መጣ። መስኮት አጠገብ የተሰቀሉት ሥዕሎች ላይ እርዱ ፀሐይ መታውና ደበዘዘ፤ የቀይ ሥሩም ሐምራዊ ወደ ደረቀ ቡናማ ዞረ። የአፈሩና የከሰሉ ግን እንደነበሩ ናቸው። ልጆቹ ለምን ብለው ሲጠይቁ መምህርቷ ወደ ጥንት ሠዓሊዎች ወሰደቻቸው። ቀለማቸውን ከአፈርና ከማዕድን የፈጩ ሠዓሊዎች ሥራ ለመቶዎች ዓመታት ሲቆይ፣ ከቅጠልና ከሥር የሚወጣው ብዙ ቀለም በብርሃን ይሞታል። በቀጣዩ ሥራ ላይ ልጆቹ ራሳቸው መርጠው ሰማዩን በእርድ፣ ሰዎቹን በአፈር ቀቡ። ሰዎቹ እንዲቆዩ ነው የፈለጉት።

የኢትዮጵያ ልጆች ሥዕል የሚማሩት ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ እንዳልነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ነሐሴ ሲጋመስ ወንዶች ልጆች ወረቀት ይሰበስቡ ነበር። አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ባለ ክንፍ መልአክ፣ አንዳንዴም ፈረሰኛ እየሳሉ ከሥሩ የመልካም ምኞት ቃል ይጽፋሉ፤ መስከረም 1 ማለዳ በየጎረቤቱ እየዞሩ ሥዕሉን ሰጥተው ሳንቲም ይቀበላሉ። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ አበባየሆሽ እየዘፈኑ ይዞራሉ። ይህ ልማድ አንድ ጥሩ የክፍል ፕሮጀክት ሊኖረው የሚገባው ሁሉ አለው። የሚደርስበት ቀን አለው፣ የሚቀበለው ሰው አለ፣ ልጁ ለእማማ እከሊት የትኛውን፣ ለባለ ሱቁ የትኛውን እንደሚሰጥ ይመርጣል፣ ሥዕሉም ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ዛሬ በከተማው ልጆች እጅ የሚታየው አብዛኛው የታተመ ፖስት ካርድ ነው። ማተሚያ ቤት ያወጣውን ገዝቶ መስጠት ልጁን ከሠሪነት ወደ አመላላሽነት አወረደው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ልማዱ ገና ሳይሞት ትምህርት ቤቶች ሊደርሱለት ይችላሉ ብዬም አምናለሁ። የመምህርቷ መንገድ ቀላል ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ባዶ ወረቀት ትሰጣለች፤ መስከረም ሲመለሱ አራቱ ለሰው መሰጠት፣ አንዷ ለክፍሉ መምጣት አለባት። ከፖስት ካርድ ላይ መገልበጥ አይፈቀድም። የምትመጣዋ አንዷ ሥዕል ልጁ ክረምቱን ምን ሲያስብ እንደከረመ ትነግራታለች።

በፖሊሲ በኩል ስናየው ነገሩ ተረስቷል ማለት አይቻልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት፣ በታችኞቹ ክፍሎች ጥበብ ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተዳብሎ ይሰጥ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚል ራሱን የቻለ ትምህርት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አስገብቷል፤ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትርና ሥዕል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ60 ዓመት በላይ ሠዓሊዎችን ሲያወጣ፣ የ1ኛ ክፍል መምህር በሥዕል የሰለጠነበት አጋጣሚ በጣም ጥቂት ነው። ጣሪያው ተሠርቶ መሠረቱ የዘገየ ቤት ነው ያለን። አንድ መምህር ሙዚቃውንም፣ ቴአትሩንም፣ ሥዕሉንም እንዲያስተምር ሲጠየቅና እሱ ራሱ በልጅነቱ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ያደገ ከሆነ፣ ያንኑ ቤት ከነሰንደቅ ዓላማው ሰሌዳው ላይ ቢስል አይፈረድበትም።

አንድ ክፍለ ጊዜ የሚይዘው 40 ደቂቃም አጭር ነው። ወረቀት ማደል፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መሥራት፣ ማጽዳት ሁሉ በዚያ ውስጥ ይግባ ቢባል አይሆንም። ሽሮ ሜዳ ያየኋት መምህርት ይህንን የፈታችው ሥራውን በሁለት ሳምንት በመክፈል ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በእርሳስ ብቻ፣ ሁለተኛው በቀለም ነው። ልጆቹን በስምንት በስምንት ከፍላ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ዕቃ አዳይና አንድ አጽጂ ትመድባለች፤ ተራው በየሳምንቱ ይዞራል። ውኃው ከቧንቧ በማይመጣበት ቀን ቀለም አይወጣም፤ ከሰልና ጠመኔ ብቻ ይሠራበታል። ለመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ስለሆነ፣ ከዚህ ያነሰ ክፍል እየጠበቁ መቀመጥ ዋጋ የለውም የሚል አቋም አላት።

ወላጆች ሁሉ አልተደሰቱም። ቀይ አፈር የነካው ዩኒፎርም ይዘው የመጡ እናት ነበሩ። «እኔ የላክኋት እንድትማር ነው፣ ጭቃ እንድትጫወት አይደለም» አሏት። መምህርቷ ይቅርታ ጠይቃ ከዚያ በኋላ ልጆቹ አሮጌ ሸሚዝ ከላይ እንዲደርቡ አደረገች። ከዚያ እኚያን እናት ወደ ግድግዳው ወሰደቻቸውና የልጃቸውን ሥዕል አሳየቻቸው፤ ያ ትልቁ መቀርቀሪያ ነበር። እናትየዋ ረጅም ጊዜ አዩት። «ማታ ከሥራ እስክመጣ በሩ ከውስጥ ይዘጋባታል» አሉ በመጨረሻ። በሩን እሷ መክፈት እንደማትችል፣ ይህም ልጃቸውን እንደሚያስጨንቃት አስበው አያውቁም ነበር። በሳምንቱ መቀርቀሪያው ዝቅ ብሎ ተሠርቷል።

ርዕሰ መምህሩ የሚያነሱት ጥያቄ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ውጤት እንዴት ይሰጠዋል? ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ካርዱ ላይ ቁጥር መግባት አለበት። መምህርቷ ለየልጁ ከካርቶን የተሠራ አቃፊ አዘጋጅታለች። ማንኛውም ሥራ ሲያልቅ ልጁን «ስለዚህ ንገረኝ» ትለውና የነገራትን በራሱ ቃል ከጀርባው ትጽፈዋለች፤ የማይናገር ልጅ ካለ ባዶ ትተወዋለች። በሴሚስተሩ መጨረሻ የምታየው ሦስት ነገር ነው፤ ልጁ ካሰበው አንድ መንገድ ሌላ ሞክሯል ወይ፣ ያደረገውን ለምን እንዳደረገው ይናገራል ወይ፣ ዕቃውን አጽድቶ መልሷል ወይ። ቆንጆ የሳለ ልጅ ለቆንጆነቱ ብቻ የሚያገኘው ነጥብ የለም። ርዕሰ መምህሩ አቃፊዎቹን ካገላበጡ በኋላ ለሌሎቹ የ3ኛ ክፍል መምህራን ገለጻ እንድታደርግ ጠይቀዋታል።

ለሁለተኛው ሴሚስተር ያሰበችው ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ልጆቹ በአንድ ትልቅ ካርታ ላይ አብረው እንዲሠሩት ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መንገድ ይስላል፤ ውሻ ያለበትን ግቢ፣ ሲዘንብ የሚሞላውን ቦይ፣ ትኩስ ዳቦ የሚሸተውን ሱቅ። መንገዶቹ የሚገናኙበትን ቦታ ተከራክረው ይወስናሉ። የክፍሉ የኋላ ግድግዳ ተፈቅዶላቸዋል። ካርቶኑን ከየሰፈራቸው ሱቅ ለምነው የሚሰበስቡት ራሳቸው ናቸው፤ የሸማኔው ልጅ አባቱ የተቋጠሩ የክር ቁርጥራጮች እንደሚሰጠው ተናግሯል፣ በካርታው ላይ መንገድ ለማድረግ።